ከግራ በኩል የመጣው ጥቁር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለልጄ ለፈታታው፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ጆሮዬም ጉልበቴም እንደተውካቸው ናቸው፤ አንዱ አይሰማም፣ ሌላው አይታዘዝም። ስልክ ይግዙ እያልክ አትጨቅጭቀኝ፤ የጎረቤቴን የሰዓት ሠሪውንም ስልክ አላስቸግርም። በስልክ የተባለ ነገር አይታረምም። የአውቶቡሱ ሹፌር በየሳምንቱ ይመላለሳል፣ ታማኝ ሰው ነው፣ ደብዳቤ ይበቃናል።

«ላፕቶፑ እንዴት ሆነልዎት?» ላልከኝ፣ መልሱን ሳልወድ ነው የምጽፈው። ከሦስት ሙት ማሽኖች አንድ ሕያው ሠርተህ የሰጠኸኝን ላፕቶፕ ጣልኩት። ባለፈው ማክሰኞ ደረጃው ላይ ከእጄ አመለጠ። ይቅር በለኝ። የስክሪኑ የላይኛው ጥግ ተሰንጥቋል፤ ግን ይበራል። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ከግራ በኩል ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ትንኝ መስለው ይንሳፈፋሉ። አንዳንዴ ደግሞ ጠርዙ ላይ ብልጭ ይላል።

ያጣደፈኝ ነገር አለ። ማተሚያ ቤቱ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላከልኝ፤ ስለ ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ ነው፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ገጽ። አርባ ዓመት የሰው መጽሐፍ ሳርም ስሜ የትም ታትሞ አያውቅም። አሁን ግን ሥራ አስኪያጁ «በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አራሚ ብለን ስምህን እናወጣዋለን» ብሎኛል። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ማስረከብ አለብኝ፤ ገና ስልሳ አራተኛው ገጽ ላይ ነኝ። እንደ ድሮው በወረቀት ቢልኩልኝ ደስ ባለኝ፤ እሱ ቀርቷል፣ ዛሬ ሁሉም በማሽን ነው። እኔ ካየሁት በኋላ ሌላ ሰው አያየውም፤ ቀጥታ ይታተማል። ቀኝ ዓይኔን በልጅነቴ ኖራ ቢወስደውም ማተሚያ ቤቱ በሙሉ «ዓይናማው» ሲለኝ የኖረው ያለ ነገር አይደለም። ግራው የሁለት ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ የፈታኸውን አንተ ታውቀዋለህ። ምን ላድርግ?

አባትህ


ጥቅምት 15

ይድረስ ለአባባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይቅርታ የሚጠይቁት ምን አድርገው ነው? ዕቃ ይሰበራል፤ ዋናው እርስዎ አለመውደቅዎ ነው።

ብልጭታው የሚመጣው ከገመድ ይመስለኛል። ማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ገመድ አለ፤ ማሽኑ ሲወድቅ ይላላል። ክዳኑን ቀስ ብለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። ብልጭታው አብሮ ከተለዋወጠ ገመዱ ነው ማለት ነው። ቀጥለው ያጥፉት፣ ባትሪውን ያውጡና የማብሪያውን ቁልፍ ሠላሳ እስኪቆጥሩ ተጭነው ይያዙት። ከዚያ ባትሪውን መልሰው ያብሩት። ነጠብጣቦቹን በጣትዎ ለመጥረግ እንዳይሞክሩ፤ ስንጥቁ ይብሳል። ለሰዓት ሠሪው ቢያሳዩት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ እጁ ለረቂቅ ነገር የሠለጠነ ነው።

ስለ ስምዎ መውጣት ያሉትን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። በጥገና ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት «እሰይ!» ብዬ ጮኼ አፈርኩ። መጽሐፉ የወጣ ዕለት የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት 27

ልጄ፣

ክዳኑን አንቀሳቀስኩት፤ ብልጭታው ግን ክዳንም አይሰማ፣ ልመናም አይሰማ፣ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል። ባትሪውን አውጥቼ ሠላሳ ቆጠርኩ። ላለመሳሳት ብዬ ስልሳ አደረስኩት። አሁን ነጠብጣቦቹ እየቀሩ ነው፤ በእነሱ ፈንታ ከግራ በኩል ጥቁር መጋረጃ መጣ። መስመሮቹም ጠርዙ አጠገብ ሲደርሱ እንደ መወዛወዝ ይላሉ።

ሳርም እንዴት እንደሆንኩ ታውቃለህ። ዓይኔን መሐል መስመሩ ላይ እተክልና ገጹን ከሥር ወደ ላይ አሳልፈዋለሁ እንጂ ዓይኔን ከወዲያ ወዲህ አላንከራትትም። ስለዚህ መጋረጃው የየመስመሩን የመጀመሪያ ቃል ይበላብኛል። ለጊዜው በግምት እሞላዋለሁ። ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ሦስተኛውን ቃል ካየ የመጀመሪያውን ያውቀዋል። መቶ ሠላሳ ገጽ ደርሻለሁ።

ለሰዓት ሠሪው አሳዩት ላልከው፣ አይሆንም። ያልታረመ ገጽ ለባዕድ አይታይም፤ ማተሚያ ቤት የገባሁ ቀን የተማርኩት የመጀመሪያው ሕግ ነው። ያልታረመ ገጽ ልብሱን ሳይለብስ በር እንደተከፈተበት ሰው ነው፤ ዘወር ይባልለታል።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ማሽኑን ዘግቼ ከተነሣሁም በኋላ ጥቁሩ ይከተለኛል። ግድግዳውም ላይ አለ፣ ሳህኔም ላይ አለ። ሰዓት ሠሪውን ሰላም ስለው አንድ ትከሻው ይጎድልብኛል። ይኼ የማሽኑ ጠባይ ነው?

አባትህ


ኅዳር 5

አባባ፣

አሁን ነገሩ ገባኝ፤ አይጨነቁ። በስክሪኑ መስታወት መሐል ስስ ፈሳሽ አለ። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ከቦታው ይወጣና ጥቁር ይሆናል፤ ከጠርዝ ተነሥቶ በየቀኑ ይሰፋል። በሳምንት ሦስት አራቱን ጠረጴዛዬ ላይ አየዋለሁ። እርስዎ ያሉት ቁርጥ እሱን ነው።

ስለ መከተሉ ደግሞ፣ ብርሃን ላይ ብዙ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑ ውስጥ ጥላው ይቀራል። የተለመደ ነው። ብርሃኑን ይቀንሱ፣ በየመሐሉ እየተነሡ ይረፉ።

ለማረጋገጥ ያህል በሹፌሩ እጅ ገመድ ልኬልዎታለሁ። አንዱን ጫፍ ላፕቶፑ ላይ፣ ሌላውን የሰዓት ሠሪው ቴሌቪዥን ላይ ይሰኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁሩ ከሌለ ስክሪኑ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው። እዚያም ካለ ግን ጉዳቱ ከሆዱ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ መላ እንፈልጋለን።

ስለ ደብዳቤዎችዎ አንድ ነገር ልልዎት ነበር፤ ተውኩት። ምንም አይደለም።

ልጅዎ


ኅዳር 18

ልጄ፣

ገመዱ ደረሰኝ። ሰዓት ሠሪው በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። «እኔ ወፍ ማየት ክልክል ነው?» አለኝ። «እስኪታረም ድረስ» አልኩት። «ሳይታረም የሚበር ወፍ በሰማዩ ሞልቶ የለም እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ። ቢሆንም አልዞረም፤ ጨዋ ሰው ነው።

ጥቁሩ ቴሌቪዥኑም ላይ አለ። እንዲያውም ቴሌቪዥኑ ትልቅ ስለሆነ ጥቁሩም ትልቅ ሆኖ ታየኝ። እንግዲህ ከሆዱ ነው።

ሁለት መቶ ሃምሳ ገጽ አስረክቤያለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ዓይናማው አላረጀም» ብሎ መልእክት ሰደደልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራው እንደ ድሮው አይጥመኝም። ከቃላቱ ጋር ድብብቆሽ የምጫወት ይመስለኛል። ግን ይኼ የማሽኑ ጥፋት ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ዓይኔ ምንም አልሆነም።

ልትለኝ የነበረውንስ ለምን ተውከው? ጀምሮ መተው ከአንተ አላውቅም። ሬዲዮኔን የፈታታህ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ነበር።

አባትህ


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

የራስህን ማሽን ለምን ላክህ? በምን ልትሠራ ነው? ተው ብዬ እንዳልቆጣህ ደርሶ እጄ ገባ። በጻፍክለት መሠረት ሰዓት ሠሪው በትንሿ መፍቻው የድሮውን ፈትቶ፣ መጽሐፉ ያለበትን ዕቃ አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ገጠመው። አንድ ብሎን ተረፈችው፤ «ይቺ የማናት?» ብንባባል ባለቤት አጣን። እሱ ከወጣ በኋላ በሬን ዘግቼ አበራሁት።

ያው ነው። ጥቁሩ እዚህም አለ። ይቺኛዋ ደግሞ ወድቃ አታውቅም! ማሽኑ ተቀይሮ ጥቁሩ ካልተቀየረ፣ ጥቁሩ ወፎቹ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል? አንተ ታውቃለህ።

ከማሽኑ ጋር በላክኸው ደብዳቤ ላሉት ጥያቄዎችህ፦ ደረጃዎቹ ስድስት ናቸው። ማሽኑ ያረፈው በጥጉ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄህን ዘልዬዋለሁ፤ ለማሽኑ አይጠቅምም።

ሦስት መቶ ሰማንያውን ጨርሼ ትናንት አስረከብኩ። የመጨረሻዎቹን ገጾች የጨረስኩት በግማሽ መስመር ነው፤ ግራው ግማሽ ጨለማ ነው። ስሜ ያለበትን ገጽ ግን በእጄ ዳስሼ ልነካው ቃጣኝ። ሞኝ ሆኛለሁ።

አባትህ


ታኅሣሥ 10

አባባ፣

ማሽኑን እንተወው። ሁለቱንም ዘግተው ያስቀምጧቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ። ነጭ ወረቀት ያውጡና ጥቁሩን በእርሳስ ሥለውት ይላኩልኝ፤ ከየት ይጀምራል፣ የት ድረስ ይመጣል።

ልልዎት የነበረውን አሁን ልናገር። የጥቅምት መጨረሻው ደብዳቤዎ ከግራ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ትቶ ነበር የሚጀምረው። የሚቀጥለው አራት ጣት ተወ። ያለፈው ሳምንቱ የወረቀቱን ግማሽ ባዶ ትቶታል። እኔ እርጅና ነው ብዬ፣ አራሚን ያህል ሰው «መስመርዎ ተንጋደደ» ማለት ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ደረጃው ላይ እርስዎም ወድቀው እንደሆነ የጠየቅኩዎትን ደግሞ ዘለሉት።

ፈርቻለሁ አባባ። ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 19

ልጄ፣

እንዳልከው በጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። እርሳስ ቀረጽኩ፣ አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ፣ ጥቁሩን ልሥል ጎንበስ አልኩ።

ሳልሥለው ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ብዙ ቆየሁ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ሌላ አወጣሁ፣ ጋዜጣ ዘረጋሁ፣ መዳፌን አየሁ። ከዚያ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩት፤ ጨለመ። ከፈትኩት፤ ግማሹ እንደጨለመ ቀረ። ይህን ለማድረግ ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። በሰው መጽሐፍ ላይ የተገለበጠች ነጥብ የማታመልጠኝ ሰውዬ በራሴ ላይ የወረደው መጋረጃ አመለጠኝ። ማሽኑን ጠረጠርኩ፣ ገመዱን ጠረጠርኩ፣ ወፎቹን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ዓይኔን ግን እንዴት ልጠርጥር? እንጀራዬ እኮ ነው።

የዘለልኩት ጥያቄ መልስ እነሆ። አዎ፣ አብረን ነው የወደቅነው። ማሽኑን ላድን ብዬ አቅፌው ወደቅሁና ግንባሬን ከደረጃው ብረት ጋር አጋጨሁት። ብልጭታው የጀመረው በዚያው ቀን ነው። የደበቅኩህ «ብቻዎን መኖር አይችሉም» ብለህ መጥተህ እንዳትወስደኝ ነው። ስለ ማሽኑ የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነበር፤ ስለ ራሴ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

ሥዕሉን አልላክሁም። ባዶ ወረቀቱን ልኬልሃለሁ።

አባትህ


የካቲት 2

ልጄ፣

የምናገረው እኔ ነኝ፣ የሚጽፈው ሰዓት ሠሪው ነው። ፊደሉ እንደ ሰዓት ጥርስ የተደረደረ ነው ይላል፤ አምነነዋል።

መጥተህ ያስታመምከኝን፣ ሐኪም ቤት ያንከራተትኩህን ፈጣሪ ይክፈልህ። ሐኪሟ ያለችውን አንተም ሰምተሃል። እዚህ የማስጽፈው እያደር የራስህን እንዳትጨምርበት ነው። በዓይኔ ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን በወደቅሁ ቀን ተቀደደ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየተላጠ ሄደ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብሄድ ኖሮ መልሰው ይለጥፉት ነበር። አሁን ግን አልሆነም፤ ሞከሩት፣ አልያዘም። ያለችው ይህን ብቻ ነው። «ብርሃኑን ቀንስ ያለው ማነው?» ብላ አልጠየቀችም። እሱን የጠየቅኸው አንተ ነህ፤ በመኪና ውስጥ አሥር ጊዜ፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ። አልመለስኩልህም፤ አሁንም አልመልስልህም። ጥፋቱን የግድ እንካፈል ካልክ ትልቁን ድርሻ ለአባትህ ትተዋለህ፤ ወግ ነው።

አብረን እንኑር ላልከው መልሴ ያው ነው። የአንተን ቤት አይቼው አላውቅም፤ ይኼኛውን ቢያንስ አስታውሰዋለሁ። (በየቀኑ እየመጣሁ እጠይቃቸዋለሁ፣ አይዞህ። ጸሐፊው።)

ጠዋት ስነሣ አሁንም መነጽሬን በእጄ እፈልጋለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚነገረኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። መጽሐፉ ሲወጣ ገዝተህ አንብበው፤ ከስልሳ አራተኛው ገጽ ወዲህ ያለውን በተለይ። ከዚያ እውነቱን ጻፍልኝ።

አባትህ


ሚያዝያ 9

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የሰዓት ሥራውስ እንዴት ነው? ይህችን ወረቀት ለብቻዎ ያንብቧት፤ ለአባቴ አያንብቡላቸው። የሚነበብላቸው ሁለተኛው ወረቀት ነው።

መጽሐፉን ገዝቼ አነበብኩት። እስከ ስልሳ አራተኛው ገጽ ድረስ አንዲት ነጥብ አልተዛነፈችም። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ የመስመሩ የመጀመሪያ ቃል ይሳሳታል። ከመቶ ሠላሳ ወዲህ በየመስመሩ ነው። ከሁለት መቶ ሃምሳ ወዲህ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቃል ተበላሽቷል። መጨረሻው አካባቢ ግራው ግማሽ እንዳለ ሳይታረም ታትሟል፤ ቀኙ ግማሽ ንጹሕ ነው። ዓይናቸው እንዴት እንደጠፋ ገጽ በገጽ አነበብኩት ጋሼ። «የተለመደ ነው፣ ብርሃኑን ይቀንሱ» ብዬ የጻፍኩበት ሳምንት የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አውቀዋለሁ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸው አለ። እሱም ተሳስቷል።

ይህን ለእሳቸው መናገር አልችልም። ይቅር ይበሉኝ፣ ሸክሙን ለእርስዎም አካፈልኩ። ማሽን መክፈት አቁሜያለሁ፤ ሱቁ ተዘግቷል። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

*

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ፣ ሥራም ሞልቷል። መጽሐፉ ወጥቷል! ሽፋኑ ላይ ረጅም እግር ያላት ነጭ ወፍ አለች። እንዳዘዙኝ ከስልሳ አራተኛው ገጽ ጀምሬ እስከ መጨረሻው መስመር በመስመር አነበብኩት። ደስ ይበልዎ፤ አንድም ስህተት የለውም። አንድም። ስምዎም በመጨረሻው ገጽ ላይ በትክክል ወጥቷል።

ልጅዎ


ሚያዝያ 24

ልጄ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሰዓት ሠሪው ሲያነብልኝ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ምነው ብለው «ጉንፋን ነው» አለኝ። (ጉንፋን ነበረብኝ። ጸሐፊው።) ከዚያ ድጋሚ አንብብልኝ አልኩት፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጉንፋኑ ባሰበት።

ስለ ነጯ ወፍ አመሰግንሃለሁ። እሷን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። ሥራ ሞልቷል ማለትህንም ሰማሁ፤ ደስ ይላል።

አሁን እንደ አባት ሳይሆን እንደ አራሚ ልንገርህ። በአርባ ዓመት ውስጥ ስህተት የሌለው መጽሐፍ አላየሁም። ዓይኔ እንደ ምላጭ በነበረበት ዘመን እንኳ በየመጽሐፉ ሁለት ሦስት ያመልጠኝ ነበር፤ ታትሞ ሲመጣ ፈልጌ አገኛቸውና ሳምንት ሙሉ እበሳጫለሁ። ይህን ልጅ ሆነህም ታውቃለህ፤ ያን ሳምንት ቤት ውስጥ በእግር ጣታችሁ ነበር የምትሄዱት።

አንዲት ብትነግረኝ ኖሮ፣ «እዚህ ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ ቀርታለች» ብትለኝ፣ አምንህ ነበር። ተናድጄ፣ ጠረጴዛ መትቼ፣ አምንህ ነበር። አንተ ግን አንድም የለም አልከኝ።

ስለዚህ ገባኝ። መጽሐፉን አትላክልኝ።

አባትህ